«ዘር ማጥፋት»፦ በአንድ አቻ ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

«ጄኖሳይድ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል የፈጠረው ፖላንዳዊው የሕግ ሊቅ ራፋኤል ሌምኪን ሲሆን፣ ቃሉም እ.ኤ.አ. በ1944 በታተመው መጽሐፉ ለንባብ በቃ። ሊቁ የግሪኩን «ጌኖስ» (ነገድ) መግደልን ከሚያመለክት የላቲን ቅጥያ ጋር አጣምሮታል። ድርጊቱን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1949 በመጀመሪያ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ስለሆነች፣ ለቃሉ የአማርኛ አቻ ማበጀት ግድ ነበር፤ የጸናውም «ዘር ማጥፋት» ነው። ስያሜው አጭርና ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም በሁለቱም አባላቱ ላይ የምንሰነዝረው ነቀፌታ አለን።

በመጀመሪያ «ዘር»ን እንመልከት። በሸኮ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር «ዘር» ሲባል ለችግኝ የሚመረጠው ፍሬም ነው፤ የደም ሐረግም ነው። ሃይማኖትንና የፖለቲካ ወገንን ግን ቃሉ አያቅፍም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ሁለቱንም ጠቅሷል። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዚህ ወንጀል ጥፋተኞች ሲባሉ፣ ስያሜውን ብቻ የያዘ አንባቢ «የማንን ዘር?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 የገባው «የሰው ዘር የማጥፋት» የሚለው አነጋገር ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይወስደናል፤ «የሰው ዘር» በአማርኛ የአዳም ልጅ ሁሉ ነውና።

ሁለተኛው «ማጥፋት» ነው። ቡና በበሽታ ሲያልቅ «ዘሩ ጠፋ» እንላለን፤ «አጠፋ» ስንል ግን አድራጊ እንጨምራለን። ይሁን እንጂ አድራጊነት ብቻውን አሳብን አያመለክትም፤ «ሳያውቅ አጠፋ» ማለት የተለመደ ነውና። ከዚህም በላይ «ዘር አጠፋ» ፈጽሞ መጨረስን ያሰማል፤ ሕጉ ግን «በሙሉ ወይም በከፊል» ለማጥፋት ማሰብን ይበቃል ይላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነ ሕዝብ «በከፊል» የሚለው ቃል የህልውና ጉዳይ ነው። ከአማርኛው ተነሥቶ ወደ ሸኮ ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚም «ዘር»ን ጎሣ ብቻ አድርጎ ቢፈታው፣ በሃይማኖቱ የተገደለውን ሰው ከሕጉ ጥላ ያስወጣዋል።

ሥር የሰደደውን ስያሜ እንሻር አንልም። «የሰው ዘር ማጥፋት» የሚለው ግን ቢቀር እንመርጣለን። መዝገበ ቃላትም «ዘር ማጥፋት»ን «አንድን ወገን በትውልዱ፣ በሃይማኖቱ ወይም ሕጉ በዘረዘረው ሌላ መለያው ምክንያት በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት አስቦ የሚፈጸም ወንጀል» ብሎ ሊፈታው ይገባል። ስያሜው የጎደለውን ፍቺው ካልሞላው፣ ተርጓሚው የሚደገፍበት አይኖረውም።