ስላይዱ ሲጨፍር ትምህርቱ የት ይገባል?

ዛሬ በየክፍላችን በፕሮጀክተር ስለሚታየው የፓወርፖይንት ስላይድ ትንሽ ትችት ልንሰነዝር ነው። ትችታችን ለመምህራንም ለተማሪዎችም ነው።

ፓወርፖይንት በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲወጣ ሥራው ጥቁርና ነጭ ገጾችን ማዘጋጀት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ገጹ እንደ መጋረጃ ይከፈታል፣ እንደ ወረቀት ይጨማደዳል፣ አውሮፕላን ሆኖም ይበራል። ይኼ ከአንዱ ስላይድ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ትራንዚሽን ይባላል። በአንዱ ስላይድ ውስጥ ጽሑፉና ሥዕሉ ሲነጥር፣ ሲሽከረከር፣ እየበረረ ሲገባ ደግሞ አኒሜሽን ነው። ሁለቱም በአንድ ክሊክ ስለሚገኙ ብዙዎቻችን ያገኘነውን ሁሉ እንጨምራለን።

ታዲያ ምን ችግር አለው? አንደኛ ጊዜ ይበላል። አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ተማሪ በሚደርስበት ካምፕ ተራ የደረሰው ተማሪ ግማሹን ሰዓት ኢፌክት ሲመርጥ ያሳልፍና ጽሑፉን ከመጽሐፍ ገልብጦ ይወጣል። ሁለተኛ ንባብ ያውካል። አብዛኞቻችን የምንማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋችን አይደለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ፊደል በፊደል እየዘለለ ሲመጣ፣ ኋላ የተቀመጠው ተማሪ አንብቦ ሳይጨርስ ስላይዱ ያልፋል። ሪቻርድ ሜየር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በብዙ ሙከራ ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ለትምህርቱ የማያስፈልገው ሥዕል፣ ድምፅና ጽሑፍ ሲወጣ ተማሪ የበለጠ ይማራል።

ይህን ስንል ግን ኢፌክት ይጥፋ ማለታችን አይደለም። እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርት የሚሆንበት ቦታ አለ። እስቲ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜን እናስብ። የኦሞ ወንዝ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በካርታው ላይ የወንዙን መስመር ሥላችሁ ዋይፕ የሚባለውን አኒሜሽን ከላይ ወደ ታች ብታዙት፣ መስመሩ እንደ ወንዙ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ካኩማ ያለ ተማሪ ጎረቤቱ ያለው ሐይቅ ውኃ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ ይከተላል። በሒሳብም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄው ብቻ ቀድሞ ይታይ፣ ተማሪው ይሞክር፣ ከዚያ መልሱ ደረጃ በደረጃ በክሊክ ይምጣ። ለዚህ አፒር የሚባለው ቀላሉ ይበቃል። ረጅም የታሪክ የዘመን መስመር ከአንዱ ስላይድ ወደ ሌላው ሲቀጥልም ፑሽ የሚባለው ትራንዚሽን መስመሩ እንዳልተቋረጠ ያሳያል።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው፦ የምናስተምረው ነገር ይንቀሳቀሳል ወይ? በቅደም ተከተል ይመጣል ወይ? ካልሆነ ገጹ ዝም ብሎ ይቁም። ለመሸጋገሪያ አንድ ፌድ መርጦ ለሁሉም ስላይድ ማድረግ በቂ ነው። ደግሞ በፍላሽ ይዘነው የሄድነው ሥራ ሊብረኦፊስ ባለው ኮምፒዩተር ሲከፈት ኢፌክቱ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከማቅረባችን በፊት ስላይዱን ያለ አኒሜሽን አንድ ጊዜ እንየው። ኢፌክቱ ሲወጣ ምንም የማይቀር ከሆነ ድሮም ትምህርት አልነበረውም ማለት ነው።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር አደራ እንላለን። የተማሪዎችን ሥራ ስታርሙ ጭብጨባውን አትከተሉ። ኮምፒዩተር የማግኘት ዕድል ያለው ተማሪ ስላይዱን ያስጨፍራል፤ ተራ ሲጠብቅ ጊዜው ያለቀበት ደግሞ አምስት ደህና መስመር ይዞ ይቀርባል። ለጭፈራው ማርክ ከሰጠን የምንሸልመው ዕውቀትን ሳይሆን ዕድልን ነው። በማረሚያችሁ ላይ ይዘቱን አስቀድሙ፣ ከኢፌክቱም «ለምን ተጠቀምክበት?» «ለምን ተጠቀምሽበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለ ነጥቡን ስጡ።

አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። ስላይድም እንደዚያው ነው። ቸር ሰንብቱ።