ክሪክና ታኮ፦ በጋሸና መንገድ መኪናን ለጥገና ስለማንሳት

መኪናን ለጥገና ከመሬት ማንሳት ሁለት ሥራዎችን ያጣመረ ሙያ ሲሆን፣ አንደኛው ክብደቱን ወደ ላይ መግፋት፣ ሁለተኛው የተነሣው ክብደት ካለበት እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። ክሪክ የተሠራው ለመጀመሪያው ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ በእርሱ ተማምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሁለተኛውን ሥራ ሳይሠራው እንደ ተሠራ ቆጥሮታል።

ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ ከሚዘልቀው መንገድ የላሊበላው የሚገነጠለው ጋሸና ላይ ነው። በገና ሰሞን ምእመናን ጭነው የሚያልፉ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ እህል የሚያመላልሱ አይሱዙዎች ጎማቸው ሲፈነዳ ወይም ባሌስትራቸው ሲሰበር፣ የሚነሡት በጋራዥ ሊሾ ላይ ሳይሆን በመንገድ ዳር፣ አንዳንዴም በተዳፋት ላይ ነው።

የጠርሙስ ቅርጽ ያለው የዘይት ክሪክ የሚሠራው፣ በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል በሚለው የፓስካል ሕግ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ እ.ኤ.አ. በ1795 የፈጠራ መብት ያገኘበት መጭመቂያም በዚሁ ሕግ የሚሠራ ነበር። በቀጭኑ ፒስተን ላይ በእጅ የሚሰጠው ኃይል በወፍራሙ ፒስተን ላይ በስፋታቸው ጥምርታ ልክ ይባዛል። ክብደቱን ይዞ የሚቆየው ግን የጎማ ማሸጊያና ትንሽ የመልቀቂያ ቫልቭ ስለሆነ፣ ማሸጊያው ካረጀ ወይም አቧራ ከገባበት ዘይቱ ይመለሳል፣ መኪናውም አብሮ ይወርዳል።

ከሁሉ ይልቅ መብራራት ያለበት የእጅ ፍሬን ጉዳይ ነው፤ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች እንኳ የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነውና። በብዙ የቤት መኪናዎች የእጅ ፍሬን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በየራሳቸው ይይዛል፤ በአይሱዙ ኤን ፒ አርና በቀደምት ላንድሮቨሮች ግን የሚይዘው ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ሻፍት ነው። ዲፈረንሻል፣ ማለትም በመታጠፊያ ላይ ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የጥርሶች ስብስብ፣ ሻፍቱ ቢታሰርም አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ እንዲዞር ይፈቅዳል። ሁለቱም መሬት ረግጠው ሳሉ ይህ ሊሆን አይችልም፤ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት በለቀቀ ቅጽበት ግን በአየር ላይ እንደ ልቡ ስለሚዞር፣ መሬት ላይ የቀረውም ይለቀቃል። የተሳበው ፍሬንም ሆነ የገባው ማርሽ ያን ጊዜ ከንቱ ይሆናል፤ መኪናውም ክሪኩን ጥሎ ቁልቁል ይሄዳል። ስለዚህ ክሪኩ ከመነካቱ በፊት መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች፣ በተለይ በቁልቁለቱ በኩል፣ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ትልቅ ታኮ ተጠግቶ መግባት አለበት፤ የጎማው ዳዶም መላላት ያለበት መኪናው ሳይነሣ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ጋሸና ባለበት በዋድላና በደላንታ አምባ የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠግብ ክሪክ ይውጣል። 1000 ኪሎ ግራም የተሸከመ ክሪክ ግርጌው 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ያሳርፋል፤ ጎንና ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ሲነጠፍ ግን ጫናው ወደ 0.6 ኪሎ ይወርዳል።

መኪናው ከተነሣ በኋላ ሻንሲው ወይም አክስሉ በብረት መቆሚያ ወይም በተደራረበ የእንጨት ጉማጅ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ድንጋይ ለታኮ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይንጣጣል፣ ድንጋይ ግን ሳያስጠነቅቅ ለሁለት ይከፈላል። የተፈታውን ጎማ በሻንሲው ሥር አጋድሞ ማስገባትም ሁሉም ነገር ቢከዳ ለሰው አካል የሚተርፍ ክፍተት ያስቀራል። ማንም ከሥር ከመግባቱ በፊት መኪናው በእጅ ተገፍቶ መፈተን አለበት።

ሲወርድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መቆሚያው ይወጣል፣ ክሪኩ በዝግታ ይለቀቃል፣ ዳዶዎቹ በተቃራኒ እየተዘለሉ ይጠብቃሉ፣ ታኮው መጨረሻ ይነሣል። የሹፌሩ ረዳትም ለታኮ የዋለውን ድንጋይ አስፋልት ላይ ሳይተው ከመንገዱ ውጭ መጣል አለበት፤ በሌሊት ወይም ጉም በወረደ ጊዜ የሚመጣው ሹፌር አያየውምና።