«ተጋላጭ» የተባለችው ማናት?

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ፣ እዚያ ላሉ ኢትዮጵያውያት ስለ ጡት ካንሰር በአማርኛ የተዘጋጀ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር እጅ የገባ ወረቀት መቼም ሳይታረም አይመለስም። ፊደሉ አልተገደፈም፤ ሰዋስዉም ደህና ነው። ለማን እንደተጻፈ ግን አይታወቅም።

«ሁሉም ሴቶች ለጡት ካንሰር ተጋላጭ ናቸው» ይላል። መጋለጥ በእኛ ቋንቋ ምንድን ነው? ሌባ ይጋለጣል፤ ገመና ይጋለጣል። የበሽታውን ስም እንኳ ላለመጥራት «ያ ክፉ በሽታ» ለምትል ሴት፣ «ተጋላጭ» ከምክር ይልቅ ለሐሜት ይቀርባል። «አንቺንም ሊይዝሽ ይችላል» ቢል ምን ነበረበት?

ቀጥሎ «ከስምንት ሴቶች አንዷ» ይመጣል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የአሜሪካ ሴቶች የዕድሜ ልክ ስሌት ነው። በራሪው ግን «በዕድሜ ዘመኗ» የሚለውን ዘሎታል። አንባቢዋ ታዲያ በማኅበሯ ጠበል ጸዲቅ ላይ ስምንት ሴት ትቆጥራለች። የታመመች አታይም (ብትኖርስ መች ትነግራታለች?)። አንዷን ፈረንጅ አድርጋ ታርፋለች። አገር ቤትም ቢሆን እኮ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው ይኸው ነው፤ ከሚታከሙት ብዙዎቹም ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም።

የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ጓደኞቿ የራሳቸው ስሌት አላቸው። «በዘራችን የለም። አራት ልጅ አጥብቻለሁ። ደግሞስ ምኔን አመመኝና?» ይህን አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ንቀት ነው። ማጥባትማ በእርግጥ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት ላይ የወጣ፣ የ30 አገሮች ጥናቶችን የሰበሰበ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት አደጋው በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ዘሩንም ካነሳን፣ ከሚያዙት ሴቶች የአብዛኞቹ እናትም እህትም አልታመሙም። እብጠቱም መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። በራሪው ለአንዱም መልስ የለው! ከእንግሊዝኛ ስለተገለበጠ የሚመልሰው የሌላ ሴት ጥያቄ ነው።

ያናደደኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። «ማሞግራም ያድርጉ» ይላል፤ የጡት ራጅ ነው አይላትም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 እንደመከረው ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ መሆኑንም አይነግራትም። ገቢዋ አነስተኛ የሆነና ኢንሹራንስ የሌላት ሴት በነጻ ወይም በቅናሽ የምትመረመርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተጀመረ ፕሮግራም አለ፤ እሱም አልተጠቀሰም። ሁለት ሥራ ለምትሮጥ ሴት ዋናው ይሄ ነበር።

በቦታው ትልቅ ሮዝ ሪባን ተስሏል። የአክስቴ ልጅ «መጀመሪያ የልደት ካርድ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።