በሞላሌ የድንጋይ ቤት ስለሚተከል የዙሪያ ድምፅ

ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ እስከ 6 የድምፅ መሥመር ይይዛል። በዚህም ምክንያት ገንዘቡ ያነሰ ሰው 5 ርካሽ ድምፅ ማጉያና አንድ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ባንድነት እንዲገዛ ይመከራል። እኛ ይህን ምክር አንቀበለውም። የዲስኩ ጥራት በደካማ ማጉያ ይጠፋል፤ በ2 መሥመር የተቀዳ ዜማም በ5 ቢከፋፈል በቀረጻው ያልነበረ ነገር አይገኝበትም።

ይልቁንስ አስቀድሞ 2 ደኅና ማጉያ፣ ቀጥሎ የመንዝ ባና ይገዛ። ባዶ የድንጋይ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ቃሉን ያደበላልቃል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ የበግ ጠጉር ግን ወፍራሙን ድምፅ ባያስቀረውም ቀጭኑን ይውጠዋል።

የዙሪያ ድምፅ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። መዘምራን በሁለት ወገን ትይዩ ቆመው የሚቀባበሉት ማኅሌት በዙሪያ መሥመር ቢቀዳ ትርፉ ግልጽ ነው። የቀሩት 3 ማጉያዎች የሚገዙት እንዲህ ያለው ቅጂ ሲገኝ ይሁን እንላለን።