ቁልፍ ያለው የጨረቃ ቤት

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጌም የሚሠሩ ጥቂት ልጆች አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ሌሎቹ እንደኔ ቀን የሰው ኮድ ሲጽፉ ውለው ማታ የራሳቸውን የሚነካኩ። ብራውዘር ላይ የሚከፈት ጌም የጨረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «እንዴት ልቆልፈው?» ጌሙ ደስ ይላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ጥያቄ ላይ የቀረበ ቅሬታ ነው።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። እንደ ኮንስትራክትና ጂዲቨሎፕ ያሉ ሶፍትዌሮች ብዙ ኮድ ሳትጽፉ ጌም ያሠሯችኋል። «ተጫዋቹ ስክሪኑን ሲነካ ዶሮዋ ትዝለል» የሚል ዓይነት ሁኔታና ውጤት እየደረደራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስትጨርሱ ሁሉም ወደ ጃቫስክሪፕት፣ ሥዕልና ድምፅ ፋይሎች ተቀይሮ ይወጣል። ዌብሳይት ላይ ይሰቀላል፤ ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ ይጫወታል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ስክሪን ያስደበደበን ሀምስተር ኮምባትም ያው ቴሌግራም ውስጥ የተከፈተ ድረ ገጽ ነበር።

ልጆቹ የሚፈልጉት ቁልፍ ሳይትሎክ ይባላል። ጌሙ ሲነሳ ያለበትን አድራሻ ያያል፤ ከተፈቀደለት ዶሜይን ውጪ ከሆነ አይጀምርም። ኮዱም ተጨምቆ ለዓይን የማይመች ይደረጋል። ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ ሰነፍ ሌባን ይመልሳሉ። ጎበዙን ግን አይመልሱም፤ ምክንያቱም ብራውዘር እንዲያሳየው የላካችሁት ነገር በሙሉ ተጫዋቹ እጅ ገብቷል። ዴቨሎፐር ቱልስ ከፍቶ የዶሜይኑን ስም የሚያስስ ልጅ አቦል ሳይቀዳ ይጨርሰዋል። ስሙን በቤዝ64 ደብቃችሁ ብትጽፉት ቶና ድረስ ብታቆዩት ነው። የእውነት የሚጠበቀው ሰርቨር ላይ የቀረው ብቻ ነው፤ የነጥብ መዝገብ፣ የተጫዋቾች አካውንት፣ ያልተለቀቁ ደረጃዎች።

ዎርድልን እዩት። ጆሽ ዋርድል ሲለቀው የየቀኑ መልስ ዝርዝር እዚያው ገጹ ኮድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ገጹን ሴቭ ያደረገ ሰው የዓመታት መልስ ይዞ ይሄዳል። ይህን በሩ የተከፈተ ጌም ኒውዮርክ ታይምስ በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ኮዱን ጎበዝ ተማሪ ቅዳሜና እሁድ ውስጥ ይጽፈዋል። የተገዛው ስሙ፣ ተጫዋቹ እና ባለቤትነቱ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ጋዜጣው ተመሳሳይ ጌሞች ከጊትሀብ እንዲወርዱ ሲያስጠይቅ የያዘው መሣሪያ ይኸው ባለቤትነት ነበር። (አረንጓዴና ቢጫ ሳጥን የኔ ብቻ ነው ማለቱን እኔ አልቀበልም፤ በዚያ ክርክር ከትንንሾቹ ጎን ነኝ።)

ላፍቶና ሀና ማርያም አካባቢ ያደገ ሰው የጨረቃ ቤት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም። ቤቱ አለ፣ በሩ አለ፣ ቁልፉም ጠንካራ ነው፤ ካርታ ግን የለውም። የኛ ጌሞች እንደዚያ ናቸው።

የሚገርመው ካርታው ያን ያህል ሩቅ አለመሆኑ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ሥራ ብሎ ይጠብቃል፤ ጥበቃው ሥራው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አዋጁ የማይጠብቀው ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ነው። የጌም ሕግ እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

ገበጣ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ያሳተሙት ጥናት ጨዋታው ከቦታ ቦታ ስንት መልክ እንዳለው ያሳያል። ኩኩሉን የሠራው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ነገ እናንተም ብታመጡት ማንም አይከለክላችሁም። የናንተ የሚሆነው የምትስሉት ሰሌዳ፣ የጠጠሩ ድምፅ፣ የምትጽፉት ቃል፣ የምትደረድሩት ኢቨንት ነው። እኔ የማያቸው የብራውዘር ገበጣዎች ግን ሰሌዳቸው ከኢንተርኔት የወረደ የእንጨት ፎቶ ነው፤ ከበስተጀርባ የሚሰማው ክራር ከዩቲዩብ የተቆረጠ። የተቆለፈው ፋይል ደግሞ አብዛኛው የሶፍትዌሩ ሞተር ነው፤ በፈቃድ የምንጠቀምበት፣ ሌሎች የጻፉት። በሰው ክራር ላይ የራሳችንን ቁልፍ እናንጠለጥላለን። ፍላሽ ላይ ዘፈን እየጫነ የሚሸጥ ሱቅን የምንሰድብበት አፍ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ከሌባ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ደንበኛ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ለአንድ ድርጅት የሕፃናት የፊደል ጌም ሠራ። ስምምነቱ በስልክ ነበር፤ ክፍያው በሁለት ዙር ገባለት። ጌሙን ሳይትሎክ አድርጎ በድርጅቱ ዶሜይን ላይ ሰቀለው። ከወራት በኋላ ያንኑ ጌም ስሙን ቀይሮ ለሌላ ትምህርት ቤት ሊሸጥ ሲል «የኛ ነው» ተባለ። ተናደደ። ግን አዋጁ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱን ለአዛዡ ይሰጣል። ለልጁ የቀረው የሞራል መብቱ ነው፤ ሠሪው እሱ መሆኑ እንዲገለጽ መጠየቅ። ቁልፉ እስከዛሬ በደንብ ይሠራል፤ የሚጠብቀው ግን እሱን ከገዛ ጌሙ ነው።

አንድ ገጽ ስምምነት ይህን ይቀይረው ነበር። የመጠቀም ፈቃድም ሆነ መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት አዋጁ ራሱ ይላል። ውጭ አገር የብራውዘር ጌም ለፖርታሎች የሚሸጡ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ልዩነት ነው፦ ብቸኛ ፈቃድ አንድ ጊዜ በውድ ይሸጣል፤ ብቸኛ ያልሆነው በርካሽ ደጋግሞ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ጌሙን ለአሥር ገዢ ሲሰጥ እያንዳንዱን ኮፒ በገዢው ዶሜይን ይቆልፈዋል። እዚያ ሳይትሎክ ትርጉም አለው፤ ውሉ ላይ የተጻፈውን መስመር ኮዱ ይደግመዋል። ውሉ ላይ መግባት ያለበትም ብዙ አይደለም። በየትኛው ዶሜይን፣ ለስንት ጊዜ፣ ገዢው መቀየር ይችላል ወይ፣ ስሜ መክፈቻው ላይ ይጻፋል ወይ። አንዱን ግን አጥብቃችሁ ጻፉት፦ ፕሮጀክት ፋይሉ ማን ጋ ይቀራል? ወደ ብራውዘር የወጣውን ኮፒ የያዘ ሰው ጌሙን ማጫወት ይችላል፤ ፕሮጀክት ፋይሉን የያዘ ግን ነገ አዲስ ጌም ያወጣበታል። ገዢዎች ይህን ፋይል «ለባክአፕ ላክልን» ብለው እንደዋዛ ነው የሚጠይቁት።

ያ ልጅ አሁን ገበጣ እየሠራ ነው። ሰሌዳውን እህቱ በእጇ ስላዋለች፤ ክራሩን የሚመታለት የሰፈር ልጅ አግኝቷል። ከሁለቱም ጋር አጭር ወረቀት አዘጋጅቷል። ክራር መቺው «ለሁለት ደቂቃ ድምፅ ደግሞ ፊርማ?» ብሎ ሳቀበት፤ ከዚያ ስሙ ጌሙ ላይ በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ የሚል አንድ መስመር አስጨምሮ ፈረመ።