ከብረት ልብስ ሥር ያለውን መኪና ማወቅ

በሱዳን ካለችው ፋው ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ ገላባትና መተማ የሚወስደው አቅጣጫ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ከጣሊያኖች ለማስለቀቅ ታንኮቹን ያሰለፈበት፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በፈንጂና በቋጥኝ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ የቆሙበት ምድር ስለ ሆነ፣ የቀደሙትን ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ከፎቶግራፍ ለይቶ የማወቅን ጥበብ በዚህ መንገድ ላይ ሆኖ ማድነቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የብራናን ዘመን ከፊደሉ አጣጣል እንደሚለይ ሊቅ፣ የዚህ ጥበብ ባለቤትም ዓይኑን በመትረየሱ ግርማ ሳይማረክ ወደ ቸርኬው፣ ወደ ራዲያተሩና ወደ ሻሲው ይመልሳል፤ የብረቱ ልብስ ቢለዋወጥም እነዚህ የመኪናውን ትውልድ አይሰውሩምና። ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሠርታ ኋላም ወደ አገራችን ያመጣችው ላንቺያ የተባለችው ብረት ለበስ መኪና ለዚህ ምስክር ናት፤ የፊተኛዋ ዓይነት በተዘዋዋሪው ማማ ላይ ሌላ ታናሽ ማማ ደርባ ስትታይ፣ የኋለኛዋ ያንን ትታለች፤ ከሞተሩ ክዳን ወደ ማማው የሚወጡት ዘንጎችም የሽቦ አጥር ለመበጠስ የተተከሉ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚስበው፣ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ከመውጣቷ አስቀድሞ፣ በውስጧ የተከበቡት ኢጣሊያውያን በካተርፒላር ትራክተር ላይ ብረት አልብሰው «ቁልቋል በር» እና «ወልቀፊት» ብለው የሰየሟቸው ሁለት ታንኮች ነገር ነው፤ ለጦር ያልተፈጠረው የእርሻና የመንገድ ሥራ መሣሪያ ከዚያ ሁሉ ብረት ሥር በሰንሰለቱ ብቻ ማንነቱን ሲናገር፣ ይህን አስተውሎ የሚያነብ ዓይን እጅግ የተከበረ ነው።