የማህተም ወሰን በኮድ ሲጻፍ

ተበላ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወረዳው ማህተም በሁምቦ ቀበሌዎች ይሠራል፤ ያው ማህተም በዳሞት ጋሌ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ቢያርፍ ግን ዋጋ የለውም። ማህተም የሚታመነው እውነተኛ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ወሰኑ ስለሚታወቅም ነው። በዲጂታል ሰርተፍኬት ይህን ወሰን የሚያሰምረው «የስም ገደብ» የሚባለው ክፍል ነው። የዛሬው ዳሰሳዬ ይህንኑ ገደብ በኦብጀክት መልክ የቀረጸውን፣ «ክሪፕቶግራፊ» በተሰኘው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለውን «ኔም ኮንስትሬይንትስ» ክላስ ይመለከታል።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን የሰርተፍኬት ሰጪዎች ሁሉ ሥር (የመተማመን መነሻ) አድርጎታል፤ ሌሎች ሰጪዎችም ከእሱ ፈቃድ እየወሰዱ እንዲሠሩ በር ከፍቷል። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች በተላለፈ ቁጥር «እስከ የት?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ሳይመለስ ሲቀር የሚደርሰውም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በፈረንሳይ መንግሥት ሰርተፍኬት ሰጪ ሥር ያለ አንድ መካከለኛ ሰጪ ለጉግል ዶሜይኖች ሰርተፍኬት ሰጥቶ ተገኘ። በ2014 ደግሞ በሕንድ ብሔራዊ ኢንፎርማቲክስ ማዕከል በኩል ተመሳሳይ ነገር ወጣ። ጉግል በሁለቱም ጊዜ የወሰደው እርምጃ አንድ ዓይነት ነበር፤ በክሮም አሳሹ ውስጥ የፈረንሳዩን በፈረንሳይ፣ የሕንዱን በሕንድ ዶሜይኖች ገደበ። ወሰኑ ከመነሻው በሰርተፍኬቱ ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሐሰተኛው ሰርተፍኬት ገና ሲመረመር በወደቀ ነበር።

የስም ገደብ ደንብ በግንቦት 2008 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ፣ አርኤፍሲ 5280፣ ላይ ሰፍሯል። ገደቡ ሁለት ዝርዝሮች አሉት፤ የተፈቀዱና የተከለከሉ። አንድ ስም በሁለቱም ውስጥ ከወደቀ ክልከላው ያሸንፋል። የዶሜይን ስም ሲሆን በስተግራ የሚጨመር ሁሉ በገደቡ ውስጥ ይካተታል። ለምሳሌ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲን «ደብሊውኤስዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» የሚለውን ዶሜይን ብቻ የፈቀደ ሰጪ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትም ለሬጅስትራሩም ንዑስ ዶሜይን መስጠት ይችላል፤ ለባንክ ግን አይችልም።

የፓይተኑ ክላስ ትልቁ ጥንካሬ ትርጉም የሌለው ገደብ እንዳይፈጠር በሩ ላይ መቆሙ ነው። ሁለቱም ዝርዝሮች ከሌሉ ኦብጀክቱ አይሠራም። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከመጣም አይቀበልም። ይህ ሁለተኛው ጥንቃቄ አድናቆት ይገባዋል፤ ባዶ የፈቃድ ዝርዝርን አንዱ ፕሮግራመር «ምንም አልተፈቀደም»፣ ሌላው «ገደብ የለም» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ በደህንነት ኮድ ውስጥ ደግሞ ሁለት ንባብ ያለው ነገር ጥቃት ይጋብዛል። በዶሜይን ገደብ ውስጥ ኮከብ ምልክት ማስገባትም ክልክል ነው፤ ንዑሶቹ በደንቡ ስለተካተቱ ኮከቡ ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም። ከተፈጠረ በኋላ ዝርዝሩን በሌላ የሚተካ መንገድ አልተሰጠም፤ ሁለት ገደቦች እኩል መሆናቸውንም ማነጻጸር ይቻላል።

ድክመቱ የሚጀምረው ከአይፒ አድራሻ ነው። በሰርተፍኬት ባለቤት ስም ውስጥ የሚገባው አይፒ አንድ ነጠላ አድራሻ ሲሆን በገደብ ውስጥ የሚገባው ግን መላ ኔትወርክ ነው። ላይብረሪው ለሁለቱም አንድ «አይፒአድሬስ» ክላስ ይጠቀማል፤ ልዩነቱን የሚይዘው ኮዱ እየሠራ ሳለ በሚደረግ ፍተሻ ነው። የተለያየ ትርጉም የተለያየ ክላስ ይገባው ነበር፤ ያኔ ስህተቱ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ሊያዝ ይችል ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ግን የኦብጀክቱ ዝምታ ነው። ገደብ የሚጻፈው «ይህ ስም በወሰኑ ውስጥ ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ክላሱ ግን ይህን የሚመልስ ሜተድ የለውም፤ ዝርዝሮቹን ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይፈርድም። ሰርተፍኬቶችን በሰንሰለት የሚያረጋግጠው ክፍል ወደ ላይብረሪው የገባው ለብቻው፣ በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 42ኛ እትም ነው። ደንቡ ገደቡ «ወሳኝ» የሚል ምልክት እንዲደረግበት ያስገድዳል፤ ይህ ምልክት ግን ከክላሱ ውጭ፣ ሰርተፍኬቱን በሚያዘጋጀው ሰው እጅ ነው።

በጃቫ ቋንቋ በኩል ክፍት ምንጭ የሆነው ኦፕንጄዲኬ ሌላ መንገድ ሄዷል። እዚያ እያንዳንዱ የስም ዓይነት ሌላውን ስም አይቶ ይጠብበዋል፣ ይሰፋዋል፣ ይገጥመዋል ወይስ ከነጭራሹ ሌላ ዓይነት ነው ብሎ ራሱ ይመልሳል። የገደቡ ክላስም ሰርተፍኬት ተቀብሎ ያረጋግጣል፤ ከሌላ ገደብ ጋርም ይዋሃዳል። በኦብጀክት ማሰብ ማለት ይህ ነው፤ መረጃውና ፍርዱ አንድ ቤት ይኖራሉ። ግን ውህደቱ ነባሩን ኦብጀክት ስለሚለውጠው አስቀድሞ ኮፒ ማድረግ ግድ ነው። የፓይተኑ አለመለወጥ ከጃቫው ፈራጅነት ጋር ቢጣመር የተሻለ ሥራ ይወጣ ነበር።

ሁለቱም ክላሶች የማይከላከሉት ወጥመድ ደግሞ አለ። በደንቡ መሠረት ገደቡ ያልጠቀሰው የስም ዓይነት ነፃ ነው። ዶሜይን ብቻ የገደበ ሰጪ ለማንኛውም አይፒ አድራሻ ሰርተፍኬት ቢሰጥ ገደቡ አይይዘውም። ይህን ቀዳዳ የሚዘጋው አይፒውን በሙሉ በተከለከለው ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባ ጥንቁቅ እጅ ብቻ ነው፤ የፓይተኑ ክላስም ሲፈጠር ስለዚህ አያስጠነቅቅም።

በፊደላችን ለምንጽፍ አንድ ነገር ይጨመራል። ላይብረሪው የዶሜይን ስምን በግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ ወደ ላቲን ኮድ መቀየር አለበት። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ከተቀየሩ በኋላ ሁለት የማይገናኙ ስሞች ይሆናሉ፤ አንዱን የከለከለ ሌላውን አልከለከለም። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው የተከለከለውን መቁጠር ሳይሆን የተፈቀደውን አጥብቦ መጻፍ ነው።

በጥቅሉ ይህ ክላስ ገደብን በትክክል ለመጻፍ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ገደብን ለማስከበር ግን ብቻውን አይበቃም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ደህንነት የሚያስተምሩ መምህራን ከጃቫው ጋር ጎን ለጎን ቢያስነብቡት ተማሪው ብዙ ያተርፋል። በአገር አቀፉ ሥር ላይ የሚገነቡ ፕሮግራመሮች ደግሞ ለእያንዳንዱ መካከለኛ ሰጪ ዶሜይኑን በግልጽ ይፍቀዱ፣ አይፒውን ይዝጉ፣ ወሳኝ ብለው ያመልክቱ፤ ከዚያም ከወሰን ውጭ የሆነ ሰርተፍኬት ሆን ብለው አዘጋጅተው መውደቁን በዓይናቸው ይዩ። ያልተፈተነ ወሰን እንዳልተሰመረ ይቆጠራል።